ባሕሩ ሲሸሽ መሮጥ፦ ከኢሊ እስከ ሴንት አንድሩስ፣ ከወሎ ለሚሄድ ሯጭ

በስኮትላንድ ምሥራቅ ዳርቻ፣ ፋይፍ በሚባለው አካባቢ፣ ከኪንካርዲን ተነስቶ ኒውበርግ የሚደርስ 187 ኪ.ሜ. የእግር መንገድ አለ። ለረጅም ሩጫ የሚመረጠው የምሥራቁ ጥግ ነው፤ ኢሊ ከምትባል መንደር ተነስቶ የዓሣ አጥማጆችን ከተሞች አንድ በአንድ እያቋረጠ ሴንት አንድሩስ የሚገባው 40 ኪ.ሜ. ገደማ የሚሆነው ክፍል። ደሴ፣ ኮምቦልቻ ወይም ሐይቅ ላይ የሚሠራ ሯጭ ለዚህ ርቀት ትንፋሽ አያጥረውም። የሚያስቸግረው የመንገዱ ጠባይ ነው። በቀን ሁለት ጊዜ አንዳንዱን ቦታ ባሕር ይውጠዋል። ስለዚህ ጫማ ከመምረጥ በፊት ሰዓት ይመረጣል።

ሰዓቱን ማውጣት

በሎጎ ሐይቅ ዳር የሚሮጥ ሰው ጠዋት ያየውን የውሃ ጠርዝ ማታም እዚያው ያገኘዋል። ሰሜን ባሕር እንዲህ አይደለም። ከአንዱ ሙላት እስከ ቀጣዩ ሙላት 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ግማሹን ይሸሻል፣ ግማሹን ይመለሳል። በማግስቱ ያው ነገር 50 ደቂቃ ያህል ዘግይቶ ይመጣል። ውሃው ምን ያህል ከፍና ዝቅ እንደሚል የምትወስነው ጨረቃ ናት። አዲስ ስትወለድና ሙሉ ስትሆን፣ አንድ ሁለት ቀን ዘግየት ብሎ፣ በሙላቱና በሽሽቱ መካከል ያለው ልዩነት 5 ሜትር ይጠጋል። በግማሽ ጨረቃ ጊዜ 2 ሜትር ተኩል ገደማ ብቻ ነው።

በሂጅራ ቀን ለሚቆጥር ወሎዬ ይህ ቀላል ሒሳብ ነው። በዚያ ዳርቻ ጨረቃ በምትወለድበትና በምትሞላበት ሰሞን ትልቁ ሽሽት አብዛኛውን ጊዜ ረፋድ ላይ ይውላል። ከዚያ በየቀኑ 50 ደቂቃ ሲጨመርበት ጨረቃ 4 እና 5፣ እንደገናም 18 እና 19 አካባቢ ወደ እኩለ ቀን ይጠጋል። ለዚህ ሩጫ የሚመቹት እነዚያ ቀናት ናቸው። ሒሳቡ ግን ቀን ለመምረጥ እንጂ ለመሮጥ አይበቃም፤ ቀኑ ሲቀርብ የባሕሩን ሠንጠረዥ ማየት ግድ ነው። የእንግሊዝ የባሕር ካርታ መሥሪያ ቤት ኢዚታይድ በሚለው ገጹ የሚቀጥሉትን ቀናት በነፃ ያሳያል። ለዚህ መንገድ አንስትራዘር የሚለውን ወደብ ፈልጉ፤ ካጣችሁት ሊዝ የሚለው የኤድንብራ ወደብ ይቀርባል።

አገር ቤት ለለመደ ዓይን ሠንጠረዡ ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው፦ 09:00 የሚለው ጽሑፍ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ሁለተኛው፦ ብዙ ሠንጠረዥ የሚታተመው በግሪንዊች ሰዓት ነው፤ በፈረንጆች አቆጣጠር ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ድረስ ግን እዚያ አገር ሰዓቱ በአንድ ይቀድማል። ስለዚህ ሰኔ ላይ ሽሽት 11:10 ይላል ብለን እናስብ። አንድ ሰዓት ሲጨመር 12:10 ይሆናል፣ በእኛ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ10። ስልኩ ላይ የተነበበው ግን የተስተካከለ ሊሆን ይችላል፤ ሁለት ጊዜ እንዳትጨምሩ ከገጹ ግርጌ የትኛው ሰዓት እንደሆነ አንብቡ። የአንድ ሰዓት ስህተት በባሕር ዳር ትንሽ አይደለም። ባሕሩ ከሚመለስባቸው ስድስት ሰዓታት መካከለኛዎቹ ሁለቱ ብቻ የውሃውን ግማሽ ይዘው ይመጣሉና።

ደንቡ ይህ ነው፦ ከኢሊ የምትነሱት ከሽሽቱ 4 ሰዓት አስቀድማችሁ ነው። ከላይ ባለው ምሳሌ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ10። እንዲህ ሲሆን አስቸጋሪው የመጨረሻ ክፍል ላይ ባሕሩ በራቀበት ሰዓት ትደርሳላችሁ። መጀመሪያ ላይ ሴንት ሞናንስ ቤተ ክርስቲያን ሥር ውሃ ብታገኙ ማለፊያ አለው። መጨረሻ ላይ ያለው ግን እንዲያ አይመችም።

በራያ ቆቦ በኩል በደረቅ የአሸዋ ወንዝ ላይ የሠራ ሰው ደራሽ ውሃን ያውቃል፤ ደጋው ላይ ሲዘንብ ቆላው ላይ ግም ብሎ ይመጣል፣ ድምፁም ይቀድመዋል። ባሕር ሲመለስ ድምፅ የለውም። ድንጋዩ መካከል ባለች ቀጭን ቦይ ገብቶ ከኋላ ይዞራል፤ ፊት ለፊታችሁ ደረቅ እያያችሁ የመጣችሁበት ይዘጋል። ስለዚህ ፊታችሁን ብቻ ሳይሆን የኋላችሁንም እያያችሁ ሂዱ።

ከመሄድ በፊት፣ ወሎ ላይ

አሥራ ሁለት ሳምንት ይበቃል። የኪሎ ሜትር ብዛት ለማብዛት አትጨነቁ፤ እግር ያልለመደውን መሬት ማስለመድ ይሻላል። በሳምንት አንድ ረጅም ሩጫ፣ ከ2 ሰዓት ጀምሮ እየጨመረ 4 ሰዓት የሚደርስ። በሳምንት አንድ ቀን ደረጃና ቁልቁለት፦ የጦሳ አቀበት ወጥቶ መውረድ ይመቻል፣ በተለይ መውረዱ። የፋይፍ መንገድ ካርታ ላይ ሜዳ ይመስላል፤ ግን በየመንደሩ ወደ ወደቡ የሚወርድ ዳገትና ደረጃ አለው፣ ከ30 ኪ.ሜ. በኋላ ጭን የሚያቃጥለው እሱ ነው።

ከደሴ (2,500 ሜትር ገደማ) ወደ ኮምቦልቻ (1,850 ሜትር ገደማ) የሚወርደው 25 ኪ.ሜ. ገደማ የሚሆን አስፋልት ለጭን ጥሩ ነው፤ በወር ከሁለት ጊዜ በላይ ግን ጉልበት ይጎዳል። መኪና ፊት ለፊት የሚመጣበትን ግራ ጠርዝ ያዙ። ስኮትላንድ ላይ ይህ ይገለበጣል። መኪናው በግራ ስለሚሄድ ሯጭ የሚይዘው ቀኙን ነው፣ መንገድ ሲሻገሩም መጀመሪያ የሚታየው ወደ ቀኝ ነው። የለመደ አንገት ወደ ግራ ይዞራልና ቆም ብላችሁ እዩ።

ለአሸዋና ለለስላሳ መሬት ሐይቅ ከተማ አጠገብ ያለው የሎጎ ዳርቻ አለ፤ ከደሴ 30 ኪ.ሜ. ገደማ፣ ከፍታው 2,000 ሜትር አካባቢ። ጠዋት ዓሣ አጥማጆቹ መረብ የሚያነሱበት ሰዓት ስለሆነ የተዘረጋ መረብ ላይ አትርገጡ። ወደ እስጢፋኖስ ገዳም የሚወስደውን ልሳነ ምድር መሮጫ አታድርጉት፤ ገዳሙ ሴት አያስገባም፣ ወንድም ቢሆን በቁምጣ አይገባበትም። ጭቃና ሣር የተቀላቀለበት ዳርቻ ላይ በሳምንት 40 ደቂቃ በአጭር እርምጃ ሩጡ። ቁርጭምጭሚት የሚጠነክረው እዚያ ነው።

ከደጋ ወደ ባሕር ጠለል የወረደ ሯጭ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሩጫው ቀልሎ ያገኘዋል። ብዙ ሰው የሚበላሸውም በዚህ ነው። ልብና ሳንባ ስለተመቻቸው ፍጥነቱን ይጨምራል፤ ጡንቻው ግን ያው ነው። የመጀመሪያውን 10 ኪ.ሜ. ደሴ ላይ በምትሮጡበት የረጅም ሩጫ ፍጥነት ሂዱ፣ ቢያንገበግባችሁም።

የሚያዝ ነገር

ጫማ፦ ሶሉ ጥርስ ያለው፣ እርጥብ ድንጋይ የሚይዝ። ለአስፋልት የተሠራ ልሙጥ ጫማ ኪንግስባርንስ ድረስ ያደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ይጥላል። ነፋስ የማያስገባ ስስ ጃኬት፣ ኮፍያ፣ ስስ ጓንት ሰኔ ላይም ይያዛል፤ ብርዱ ከደሴ ብርድ ባይብስም እርጥብ ነው፣ ላብ ያለበት ሰው ቆሞ ሲቀር ያንቀጠቅጠዋል። ግማሽ ሊትር የሚይዙ ሁለት ጠርሙሶች፣ ፊሽካ፣ ውሃ በማያስገባ ከረጢት የተጠቀለለ ስልክ፣ ለእግር ጣትና ለብብት ቫዝሊን፣ አንድ ትርፍ ካልሲ።

ስንቅ በተመለከተ፦ በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ያስፈልጋል። አገር ቤት በልምምድ ላይ በሶ በማርና በቁንጥር ጨው ተበጥብጦ ያንን ይሞላል፤ ሦስት የሾርባ ማንኪያ በሶና ሁለት ማንኪያ ማር በግማሽ ሊትር ውሃ፣ ሳይወፍር። ቀዝቃዛ አየር ላይ ወፍራም በሶ ሆድ ውስጥ ይቀመጣል። ሥጋና የወተት ውጤት ከውጭ ወደ እንግሊዝ አገር ማስገባት ክልክል ስለሆነ ቋንጣውንና በቅቤ የታሸውን ጭኮ ቤት ተዉት። ተምርና ማር እዚያው ይገዛል። ስኮትላንዶች በአጃ ያደጉ ሰዎች ናቸው፤ ኦትኬክ የሚሉት ደረቅ የአጃ ቂጣ በየሱቁ አለ፣ ከኪስ ወጥቶ ሲበላ የበሶን ቦታ ደህና አድርጎ ይይዛል። ይህን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ በሩጫው ቀን አትሞክሩት።

መንገዱ

ወደ ኢሊ ለመድረስ ከኤድንብራ በባቡር ሌቨን ድረስ መሄድ ይቻላል፤ ይህ ሐዲድ ለመንገደኛ እንደገና የተከፈተው በሰኔ 2024 እ.ኤ.አ. ነው። ከሌቨን 95 ቁጥር አውቶቡስ የባሕሩን ዳር ይዞ ኢሊን፣ ፒተንዊምን፣ አንስትራዘርንና ክሬይልን አልፎ ሴንት አንድሩስ ይደርሳል። ይህ አውቶቡስ ዋስትናችሁም ነው። እግር ቢያምፅ ቀጣዩ መንደር ላይ ወጥቶ መሳፈር ነው። በጊዜ ለመነሳት ግን ኢሊ ማደር ይሻላል።

ኢሊ አጠገብ ኧርልስፌሪ ላይ ሰንሰለት ይዘው ገደል ለገደል የሚሻገሩበት ግማሽ ኪ.ሜ. ያህል ቦታ አለ። ስሙ ስለሚያጓጓ ሯጮች ይጨምሩታል። አትጨምሩት። በሽሽት ብቻ የሚታለፍ፣ በእጅ የሚወጣ ቦታ ነው፣ ፊታችሁ 40 ኪ.ሜ. እያለ እጅን ማድከም ነው።

ከኢሊ ወደ ሴንት ሞናንስ 4 ኪ.ሜ. ገደማ ነው። ሁለት የፈረሱ ግንቦች፣ አርድሮስና ኒዋርክ፣ ካለፋችሁ በኋላ በ14ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው የሴንት ሞናንስ ቤተ ክርስቲያን ከባሕሩ አፍ ላይ ቆሞ ይታያል። መንገዱ በግንቡ ሥር ያልፋል፤ ሲሞላ ሞገዱ ግንቡን ይመታዋል። በሙላት ጊዜ የሚሄዱበትን ተለዋጭ መንገድ የሚያሳይ ምልክት አለ፤ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚያስረዝመው፣ ተከተሉት።

ከሴንት ሞናንስ ወጥታችሁ የምታዩት የንፋስ ወፍጮ እህል የሚፈጭ አልነበረም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የባሕር ውሃ እየሳበ ጨው ወደሚነጠርበት ምድጃ ይልክ ነበር። የአፋር ጨው በግመል ተጭኖ ባቲ ገበያ ሲገባ ያየ ሰው ጨው ለማግኘት ውሃ ማፍላታቸው ሊገርመው ይችላል፤ ያ ሁሉ ፀሐይ ስለሌላቸው ነው በድንጋይ ከሰል ያፈሉት።

ፒተንዊም 6 ኪ.ሜ. ተኩል አካባቢ ላይ ነው። እስከ ዛሬ ጀልባ የሚሠራበት ወደብ ስለሆነ እዚያ ሩጫ አቁማችሁ ተራመዱ። ገመድ፣ የሸርጣን ወጥመድ፣ ተሽከርካሪ ማንሻና የዓሣ ውሃ ያረጠበው ድንጋይ አለ፤ ሰው ሥራ ላይ ነው። አንስትራዘር 9ኛው ኪ.ሜ. ላይ ነው፣ ከሁሉ የሰፋው ከተማ። ድሪል የሚባለውን ጅረት በድንጋይ መረማመጃ መሻገር ይቻላል፤ ድንጋዩ ውሃ ውስጥ ከሆነ በድልድዩ ዙሩ። ጠርሙስ እዚህ ሙሉ።

ከአንስትራዘር ሴላርዳይክን አልፎ እስከ ክሬይል ያለው 7 ኪ.ሜ. ገደማ ሣርና የተረገጠ አፈር ነው፣ የመንገዱ ሁሉ ምቹ ክፍል። መሐል ላይ ካይፕሊ የሚባሉት ቀይ የድንጋይ ዋሻዎች አሉ። የከብት ግጦሽም ይኖራል። ጥጃ ያላት ላም የትም አገር ያው ናት፤ በእሷና በጥጃዋ መሐል አትግቡ፣ ቀስ ብላችሁ ዙሩ። የከፈታችሁትን የአጥር በር መልሳችሁ ዝጉ። በ2003 እ.ኤ.አ. በወጣው የስኮትላንድ የመሬት ሕግ ማንም ሰው በአብዛኛው መሬት ላይ በኃላፊነት የመሄድ መብት አለው፤ ያ መብት የሚቆየው በር ስለሚዘጋ ነው ማለት ይቻላል።

ክሬይል (16 ኪ.ሜ.) መውጫው ዳገት ነው። እዚህ የምትገዙት ነገር ካለ ግዙ፤ ከክሬይል በኋላ እስከ ሴንት አንድሩስ ሱቅ አገኛለሁ ብላችሁ አትቁጠሩ። አራት ኪ.ሜ. ያህል ሄዳችሁ ፋይፍ ኔስ፣ የፋይፍ ምሥራቃዊ ጫፍ ላይ ትደርሳላችሁ። እስካሁን ወደ ሰሜን ምሥራቅ ስትሮጡ በብዛት የሚነፍሰው የደቡብ ምዕራብ ነፋስ ከጀርባ ይገፋችሁ ነበር። እዚህ መንገዱ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይታጠፋል፣ ነፋሱም በጎን ይመጣል። ጃኬት የሚለበሰው ከመታጠፊያው በፊት ነው፤ ከታጠፉ በኋላ ሲንቀጠቀጡ ዚፕ መዝጋት ራሱ ሥራ ይሆናል።

ከፋይፍ ኔስ በኋላ መንገዱ የጎልፍ ሜዳ ጠርዝ ይዞ ይሄዳል። ኳሷ ትንሽና ድንጋይ የምታክል ጥንካሬ ያላት ናት። የሚመታ ሰው ስታዩ ቁሙ፣ ሲመታ ጠብቁ፣ እጅ አንስታችሁ አመስግኑና እለፉ። በአጭር የተላገው አረንጓዴ ሣር ላይ በምንም ምክንያት አትርገጡ።

ኪንግስባርንስ አሸዋ (24 ኪ.ሜ. ገደማ) ላይ ብዙ ሰው ጉልበቱን ይጥላል። ደረቁ አሸዋ ከላይ ነው፤ እግር ይውጣል። ውሃው ገና የለቀቀው፣ ስትረግጡት ውሃው ከጫማው ዙሪያ ሸሽቶ የሚነጣው አሸዋ ጠንካራው ነው፤ እሱን ያዙ። እርምጃ አሳጥሩ፣ በጣት አትግፉ፣ እግርን ከነሙሉ መዳፉ አሳርፉ። ዳርቻው ወደ ባሕሩ ያጋድላል፤ በአንድ በኩል ብቻ ብዙ መሮጥ የዳሌና የጉልበት ውጪያዊ ጎን ያሳምማል፣ ሜዳማውን መስመር ፈልጉ። ሲያልቅ ቁጭ ብላችሁ ጫማችሁን አራግፉ፣ ካልሲ ቀይሩ። እዚህ የቆጠባችኋት ሦስት ደቂቃ ከ10 ኪ.ሜ. በኋላ ውሃ የቋጠረ ተረከዝ ትሆናለች።

የመጨረሻው ክፍል ከባዱ ነው። ቦርሂልስ አካባቢ መንገዱ ኬንሊ የሚባለውን ወንዝ ለመሻገር ወደ ውስጥ ይገባና እንደገና ወደ ባሕር ይመለሳል። ከዚያ ደረጃ፣ ጭቃ፣ ጠባብ ገደላማ መተላለፊያና በሙላት ውሃ የሚደርስበት ድንጋያማ ዳርቻ ይቀያየራል። ሩጫው እዚህ ፈጣን እርምጃ ይሆናል፤ ሰዓታችሁን ስታሰሉ ለዚህ 10 ኪ.ሜ. ገደማ ሌላውን ከሮጣችሁበት ሲሦ ጨምሩበት። ጥቁርና ቡናማ የባሕር አረም የለበሰ ድንጋይ ያንሸራትታል፤ ከሁሉ የሚብሰው አረንጓዴው ነው፣ የተዘፈዘፈ ተልባ ላይ እንደ መቆም ነው። ነጭ ቅርፊት የለበሰው ሻካራ ድንጋይ ግን ጫማ ይይዛል፤ እሱን እየመረጣችሁ እርገጡ፣ እጅም ከኪስ ይውጣ።

በዚያ አገር ጸደይና በጋ (ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ገደማ)፣ ነፋሱ ከምሥራቅ ሲሆን፣ ሃር የሚሉት ጉም ከባሕር ይገባል። የጦሳን ጉም የለመደ አይደነግጥበትም፣ ግን አንድ ልዩነት አለው፤ ደሴ ላይ ጉሙ ሲወርድ መንገዱ ይታወቃል፣ እዚህ ከሥር ገደል ሊሆን ይችላል። ጉም ከገባ ፍጥነት ቀንሱ፣ ምልክቱን ሳታዩ ወደ ጠርዙ አትቅረቡ።

ውሃ መንገድ ከዘጋባችሁ ተሻግሬ ልሞክር አይባልም። ወደመጣችሁበት ተመለሱ፤ ካልሆነ ሙላት ከማይደርስበት፣ ሣር ከበቀለበት ከፍታ ላይ ወጥታችሁ ቆዩ። ከፍታ ከሌለ ወይም ሰው ከተጎዳ 999 ደውሉና ኮስትጋርድ (የባሕር ዳር ጠባቂ) በሉ፤ የመጨረሻውን ያለፋችሁትን መንደርና ወደየት እንደምትሄዱ ተናገሩ። ስድስት ጊዜ በደቂቃ ፊሽካ መንፋት የእርዳታ ምልክት ነው።

ሮክ ኤንድ ስፒንድል የሚባለውን ብቻውን የቆመ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስታዩ ወደ 3 ኪ.ሜ. ቀርቷችኋል። ከኮረብታው ወርዳችሁ ምሥራቁን አሸዋ ጨርሳችሁ ወደቡ ላይ ትገባላችሁ፤ በላዩ የሚታየው ፍርስራሽ በሐዋርያው እንድርያስ ስም የተሠራው ካቴድራል ነው።

እንደደረሳችሁ እርጥቡን ልብስ ቀይሩ፣ ከመብላታችሁም በፊት። የተጠበሰ ዓሣና ድንች በየመንገዱ አለ፤ አንዳንዱ ቤት ግን የሚጠብሰው በበሬ ሞራ ነው። ለጾመኛም ለሙስሊምም ነገሩ ስለሚለይ በምን ዘይት እንደሚጠበስ ጠይቃችሁ እዘዙ። ለመመለስ 99 ቁጥር አውቶቡስ ሉካርስ ባቡር ጣቢያ ያደርሳል፣ ከዚያ ኤድንብራ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ጫማውን ማታውኑ በንጹህ ውሃ እጠቡት፤ ጨው የጠጣ ጫማ ሲደርቅ ይቆረፍዳል፣ ሙጫውም ይላቀቃል። ጋዜጣ ጠቅጥቃችሁበት ከማሞቂያ ራቅ አድርጋችሁ አድርቁት።